ደጅ ጥናት

«ደጅ ጥናት» የቆየ ቃል ነው። ጥንት ጉዳይ ያለበት ባላገር በሶውን በአቁማዳ ቋጥሮ፥ ከመኳንንቱ ወይም ከንጉሡ ደጅ ይሄድና፥ ጌታው ሲወጣ ሲገባ ዓይኑ እንዲያርፍበት ወራት ሙሉ ይቆም ነበር። ስንቁ ሲያልቅ ዘመድ ይፈልጋል፤ ዘመድ ከሌለው እየለመነ ይሰነብታል፤ በመጨረሻ ወይ ይሰማል ወይ ተስፋ ቆርጦ አገሩ ይገባል። ዛሬ ያ ጌታ የለም። ደጁ ግን አለ፤ የብረት አጥር ታጥሮለታል፥ ፈታሽ ቆሞለታል፥ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትል ጸሐፊም ተቀምጣለታለች።

ከተማ ያደጉ ጓደኞቼ ቃሉን ሲሰሙ ሥራ ወይም ሹመት ፈላጊ ከባለሥልጣን ቤት ሲመላለስ ነው የሚታያቸው። እኔ ያደግሁበት ወረዳ ሰው ግን ለራሱ ብሎ ደጅ ሲጠና ብዙም አላየሁም። የሚጠናው ለድልድይ ነው፤ ለውኃ ጉድጓድ ነው፤ ለጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነው፤ ተቃጥሎ ዓመት ለሞላው የመብራት ትራንስፎርመር ነው። እዚህ የማነሣው ይህን የወል ደጅ ጥናት ነው። አንድ ገጠር ወረዳ «ይህ ጎድሎኛል» ብሎ ወደ ላይ ሲጮኽ ጩኸቱ በየት በኩል ያልፋል? የቱ ጋ ይቀራል? ሲደርስስ ለምን ይደርሳል? ነገሩ ከብዙዎቻችሁ አገር ጋር የሚመሳሰል ስለሚመስለኝ የኛን እነግራችኋለሁ።

የኛን ወረዳ አንድ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። በበጋ ሲያዩት ወንዝ ለማለት ያሳፍራል፤ ከብት ይጠጣበታል፥ ልጆች ይንቦጫረቁበታል፥ አህያ ጭነቷን እንደተሸከመች ትሻገረዋለች። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ደራሽ ውኃ ግንድ እያንከባለለ ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አምስት ቀበሌዎች ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ጤና ጣቢያው፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፥ ትልቁ ገበያና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከወንዙ ወዲህ። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ከወንዙ ዳር ትደርስና ውኃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ውኃው የሰው ምጥ አያውቅም። ልጆቹም መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀራሉ፤ አስተማሪው መቅረታቸውን መዝገብ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ስለ ወንዙ ግን መዝገቡ ቦታ የለውም።

አምና ለዕረፍት አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ የእድሩ ዳኛ አስጠሩኝ። ከሰባ የዘለሉ፥ ነገር የሚያጣሩ ሰው ናቸው። ሽማግሎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል።

«አንተ ልጅ፥ መቼም ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል። ለክልሉ መንግሥት የሚሄድ ማመልከቻ ጻፍልን፤ ነገሩን ታውቀዋለህ፥ ወንዙ ነው» አሉኝ።

ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የመሸጋገሪያ ድልድይ እንዲሠራልን ስለ መጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ፤ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የምትለዋን ሐረግም አልተውኳት፤ ያለ እርሷ ማመልከቻ ማመልከቻ አይመስልማ! ሲነበብ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የእድሩ ዳኛ ግን ዝም ብለው ቆዩና፥

«ወረቀቱ ደግ ነው። ከማን ጋር ነው የሚሄደው?» አሉ።

«ወረዳው ሸኚ ደብዳቤ ይጽፍለትና ወደ ዞን ይሄዳል። ዞኑ ደግሞ ወደ ክልል ይመራዋል» አልኳቸው።

«ብቻውን?»

«አዎ፥ በመዝገብ ቤት በኩል።»

«እንግዲያው ከመንገድ ይቀራል፤ ልጄ፥ ወረቀት እግር የለውም።»

ያን ጊዜ ይህን የሰማሁት እንደ ሽማግሌ ወግ ነበር። በኋላ ወደ ትምህርቴ ተመልሼ፥ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብና ስለ ረሃብ በእንግሊዝኛ ከጻፉት መጽሐፍ የወጣ አንድ ታሪክ ሳነብ ግን የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝ። ታሪኩ የወሎ ነው። በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከወረኢሉ አውራጃ «ሰው ተርቧል» የሚል መረጃ ወደ ላይ ተላከ። የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን ካየ ገና አንድ ወር ያህል ነበር። እዚህ ድረስ መልካም ነው፤ የታች ሰው ያየውን ተናግሯል። ያ ወረቀት ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ ግን 302 ቀን ፈጀበት። ንጉሠ ነገሥቱም የአገር ግዛት ሚኒስቴር እርምጃ እንዲወስድ አዘዙ። ሚኒስቴሩ የወሰደው እርምጃ ምን ነበር? የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጽፎ ይላክ ብሎ የወሎን ሹማምንት ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነው ጥቂት እህል እንዲታደል የተፈቀደው።

302 ቀን! በእግሩ የሚሄድ ሰው ከወረኢሉ ተነሥቶ ቀስ እያለ ቢጓዝ እንኳ በዚያን ያህል ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ፥ ደግሞም ለመድረስ ስንት ጊዜ ይበቃው ነበር። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የጸሐፊዎቹ ነገር ነው። በመካከል የተቀመጡት ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላስብም። አንዱ ተቀብሎ መዝግቧል፤ ሁለተኛው ለበላዩ አቅርቧል፤ ሦስተኛው «ይታይ» ብሎ ከዳር ጽፎበታል። እያንዳንዱ ሥራዬን ሠርቻለሁ ብሎ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ሳይበላ አይቀርም። ከወረቀቱ ኋላ ቆሞ «ምን ደረሰ?» የሚል ሰው ግን አልነበረም፤ ሊል የሚችለው ሰው እቤቱ ተርቦ ተኝቷልና።

ሕግ ስላልነበረ ነው እንዳንል ሕጉ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው በግልጽ ጽፏል። መብቱ ደጁ ድረስ ነው፤ የመንገዱን ስንቅ ሕግ አይሰጥም። ከዚያም ሰባት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ ወሎ ደግሞ ተራበ። ያን ጊዜ ለወረቀቱ እግር ከሆኑት መካከል የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ነበሩበት፤ ወሎ ወርደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች አዲስ አበባ አምጥተው በግቢው አሳዩ። ከዚያ በኋላ ነገሩን መደበቅ እየከበደ ሄደ።

የወረኢሉ ነገር እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ በዚያው በ1950ዎቹ ውስጥ ሌላ የአገራችን ክፍል ወረቀቱን በሰው አስይዞ ሲልክ እናያለን፤ የጉራጌን ሕዝብ ማለቴ ነው። ከአገር ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው ጉራጌ ነጋዴው፥ ተሸካሚው፥ ጫማ ጠራጊው፥ ወታደሩና የመንግሥት ሠራተኛው ተሰብስቦ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋመ። ከመሪዎቹ አንዱ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው በየቤቱና በየአገሩ ያዋጣል፥ ገንዘቡ ይሰበሰባል፥ ከዚያ መንግሥትና የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት «እኛ ይህን ይዘን መጥተናል፥ እናንተስ?» ተብለው ይጠየቃሉ። በዚሁ ዘመን የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅትም ተቋቁሞ በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ይዞ ተነሣ። እነዚህ ሰዎች ደጅ አልጠኑም ማለት አይቻልም፤ ጠንተዋል። ነገር ግን ባዶ እጃቸውን አልቆሙም፤ ደግሞም የሚቆሙበት ደጅ ከሚኖሩበት ሰፈር ሩቅ አልነበረም። ወረቀቱ ቢጠፋ ማግስቱን ሌላ ሰው ይሄዳል። አንዱ ቢታመም ወንድሙ ይተካል።

እንግዲህ የእድሩ ዳኛ ያሉት እውነት ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን እውነት መሆኑ ብቻውን አያስደስትም፤ ለምን እንደማያስደስት ክልል ድረስ ስንሄድ አየሁት።

ሕዝቡ በየቤቱ ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጥቶ ሰባት ሰው መረጠ፤ አምስት ሽማግሎች፥ አንድ አስተማሪና ጸሐፊ እንድሆን እኔ። ምርጫው ሲካሄድ ከኋላ የተቀመጡ እማማ፥ ሠላሳ ዓመት በላይ ሴት ያዋለዱ የልምድ አዋላጅ፥ ተነሥተው፥ «ቃሬዛውን ተከትዬ ወንዝ ዳር ያደርኩት እኔ፥ ለመናገር የምትሄዱት እናንተ?» አሉ። ሰው ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

የክልሉ ከተማ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ፈጀብን። ከመሥሪያ ቤቱ የደረስነው ሰኞ ነው። ሰኞ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል ተባልን። ማክሰኞ ወረቀታችን መዝገብ ቤት ገባ። መዝጋቢዋ ልጅ «ጨርሳችኋል፥ መሄድ ትችላላችሁ» ስትል የእድሩ ዳኛ መስኮቱን አልለቅም አሉ።

«ቁጥሩን ስጪኝ፥ ልጄ።»

«የምን ቁጥር፥ አባባ?»

«የመዝገቡን። ያንቺ መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር በኔም ደብተር ላይ ይኑር። ነገ አንቺ ብትቀየሪ ማንን እጠይቃለሁ?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ ቁጥሩንና ቀኑን ነገረቻቸው፤ እኔም በእድሩ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ያን ደብተር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሟች ስም፥ የመዋጮ ገንዘብ፥ የተሰበረ ወንበር የሚጻፍበት ነው። የክልል መሥሪያ ቤት ቁጥር ሲጻፍበት ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ረቡዕ ከኮሪደሩ ተቀምጠን ስንጠብቅ ሌሎች መልእክተኞች መጡ። የመጡት በሁለት መኪና ነው። ከሽማግሎቹ ጋር ሙሉ ልብስ የለበሰ የከተማ ነጋዴ አለ፤ የአገሩ ልጅ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ የጦር መኮንንም አሉበት። ጸሐፊዋ ስታያቸው ተነሣች። ከኛ በኋላ መጥተው ከኛ በፊት ገቡ። የነሱም ጉዳይ መንገድ ነው፤ ሐሰት አይደለም፥ እነሱም ተቸግረዋል። አንደኛው ሽማግሌያችን ማጉረምረም ሲጀምሩ የእድሩ ዳኛ፥ «ተው፥ ሰው ያለው ሰው ነው» ብለው ዝም አሰኙዋቸው።

እኔ ግን ያች አነጋገር እስካሁን አልተዋጠችልኝም። ሰው ያለው ሰው ከሆነ ሰው የሌለው ምን ሊባል ነው? ለጉራጌ መንገድ የአዲስ አበባ ልጆቹ ደረሱለት፤ ደግ አደረጉ። ልጆቹ ገና ከተማ ያልገቡለት ወረዳስ? ነጋዴም፥ ጄኔራልም፥ ውጭ አገር ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ዘመድም የሌለው ወረዳ ድልድይ የሚያገኘው መቼ ነው? ደጅ ጥናት የሚሠራ መሆኑ ነው ክፋቱ። ባይሠራ ኖሮ ሁሉም እኩል ይቀር ነበር። ስለሚሠራ ግን ብርቱው ወረዳ ይበረታል፥ ደካማው ወረዳ ወንዙ ዳር እንደተቀመጠ ይከርማል።

ይህን ለማስተካከል የታሰበ ነገር አልነበረም አልልም። በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በትላልቆቹ ክልሎች ገንዘብ ለወረዳ በድጎማ ቀመር እንዲከፋፈል ሲደረግ አሳቡ ይኸው ነበር። ቀመር ማለት ሳይለመን የሚሰጥ ማለት ነው፤ የሕዝቡን ብዛት ይቆጥራል፥ የልማቱን ደረጃ ያያል፥ የማንንም ፊት አይቶ አያዳላም። ለኔ ከዚያ የተሻለ አሳብ የለም። ችግሩ ለወረዳ የሚደርሰው ገንዘብ አብዛኛው ለአስተማሪ፥ ለጤናና ለግብርና ሠራተኛ ደመወዝ ያልቃል። ደመወዙ አያስፈልግም የሚል የለም፤ ነገር ግን ከእርሱ ከተረፈው ድልድይ አይወጣም። በ2003 ዓ.ም. የጀመረው ቀበሌዎችን በሙሉ ከመንገድ ጋር የማገናኘት ፕሮግራም ብዙ የገጠር መንገድ ቆርጧል፤ በኛ ወረዳም እስከ ወንዙ ዳር የደረሰ ጠጠር መንገድ አለ። እስከ ወንዙ ዳር! ስለዚህ ትልቁ ነገር ሁሉ ከወረዳው በላይ ነው፤ ከወረዳው በላይ ለሆነው ነገር ደግሞ ያው ደጅ ይጠናል።

ኃላፊው ከቀትር በኋላ አስገቡን። ትሑት ሰው ናቸው፤ አላመናጨቁንም፥ ሻይም አዘዙልን። የተነጋገርነው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሦስት ነገር ነገሩን። አንደኛ፥ ጥያቄው በዞኑ የቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ሁለተኛ፥ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በቃለ ጉባኤ ይቅረብ። ሦስተኛ፥ በወንዙ ምክንያት የደረሰው ጉዳት በማስረጃ ተደግፎ ይላክ።

«የጉዳቱ ማስረጃ ሲሉ ምን ዓይነት ነው?» አልኳቸው።

«ለምሳሌ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ካሉ ዝርዝራቸው» አሉ።

የወረኢሉን ታሪክ ያን ጊዜ ገና አላነበብኩትም። በኋላ ሳነበው ግን ያች «ዝርዝር» የምትል ቃል ከሻዩ ሽታ ጋር ተመልሳ መጣችብኝ። ሰውየው ክፉ እንዳልሆኑ ደግሜ እናገራለሁ። ጽሕፈት ቤት የሚያውቀው ቋንቋ ይህ ነው፤ የሞተ ሰው ይቆጠራል፥ ፊርማና ማኅተም ይደረግበታል። ከወንዙ ዳር ሦስት ሌሊት አድራ በመጨረሻ በሰላም የተገላገለች ሴት ግን በየትኛው ዓምድ ትጻፋለች?

እዚህ ላይ «ብንጠይቅ ምን ይፈይዳል» የሚል ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ። ለእርሱ የምለው ደጁ ሲዘጋ የሚመጣውን አስብ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አስመልክቶ መጀመሪያ ያደረገው ሽማግሎች መላክ ነበር። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አመለከቱ። ሰሚ ሲጠፋ ገበሬው ጠመንጃውን አነሣ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከበት፥ ቦምብ ወረደ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ወደ ሌላ ተዛወሩ፤ በ1961 ዓ.ም. ውዝፉ ግብርም ተማረ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ሽማግሎቹ በእግራቸው ሄደው በቃል የጠየቁት ነገር ስላልተሰማ ነው።

ይህ የድሮ ነው እንዳትሉኝ፥ ቅርብ ጊዜም አለ። የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ከተማ ነዋሪዎች ውኃ ጠፋብን ብለው ጀሪካን ይዘው አደባባይ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 3 ሰዎች መሞታቸውንና ሌሎች መቁሰላቸውን አስታውቋል። ወልቂጤ እንግዲህ ያ መንገዱን በመዋጮ የሠራው የጉራጌ ሕዝብ ከተማ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 30 ማንም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፥ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ጀሪካን መሣሪያ አይደለም። እንዲያውም ጀሪካን ማመልከቻ ነው፤ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የማይል፥ ባዶነቱን ራሱ የሚያሳይ ማመልከቻ።

ከክልል ተመልሰን ለሕዝቡ ስንነግር አንዳንዱ ተናደደ፥ አንዳንዱ ገንዘባችንን በላችሁ ለማለት ትንሽ ቀረው። የእድሩ ዳኛ ደብተሩን ገልጠው ቁጥሩን አነበቡ። «ባዶ እጃችንን አልመጣንም፤ ይኸው ክር ይዘናል፥ ክሩን እንሳብ» አሉ። ስለ ማስረጃው ሲነሣ ግን ሁሉም ዝም አለ። የሞተን ሰው ስም ለድልድይ ብሎ መስጠት ለሰዉ ነውር መሰለው።

ዝምታውን የሰበሩት እማማ ናቸው። «የሞቱትን ተዉአቸው፤ እኔ በሕይወት ያሉትን እቆጥርላችኋለሁ» አሉ። ከዚያ ጀመሩ። የማንነቷን ምጥ፥ በየትኛው ክረምት፥ ስንት ሌሊት ወንዝ ዳር እንዳደሩ፥ ማን ማን ቃሬዛ እንደተሸከመ፥ ሕፃኑ አሁን ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፥ አንዱንም ሳይዘሉ ተናገሩ። እኔ ጻፍኩ። እጄ ደከመ፥ እርሳቸው አልደከሙም። አስተማሪውም የቀሪ መዝገቡን አምጥቶ በየዓመቱ መስከረም ላይ ስንት ልጅ ስንት ቀን እንደቀረ ደመረው። ወጣቶቹ ደግሞ ውኃው የት ድረስ እንደሞላ ከዛፉ ግንድ ላይ በገመድ ለኩ። ሦስት ቀን ሳይሞላ፥ ያለ አንዳች የባለሙያ አበል፥ እንዲህ ያለ ጥናት ተሠራ። የሟች ዝርዝር የተጠየቀው ወረዳ የሕያዋን ዝርዝር አቀረበ።

ግንቦት ላይ ሁለት መሐንዲሶች መጥተው ወንዙን ለክተዋል። ከሁለቱም ዳር አናቱ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። ከብት ጠባቂ ልጆች አንዱን ነቅለውት ነበር፤ የእድሩ ዳኛ አስመልሰው አስተከሉት፥ ልጆቹንም ጠባቂ አድርገው ሾሟቸው። ድልድዩ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ክረምቱም መጥቶ አልፏል።

ጓደኞቼ፥ ሁላችሁም የመጣችሁበት ወረዳ አለ። ለዕረፍት ስትሄዱ ማመልከቻ ጻፉልን መባላችሁ አይቀርም፤ ጻፉ። ግን በዚያ አታብቁ። የመዝገቡን ቁጥርና ቀን ተቀብላችሁ በእድሩ ደብተር ላይ አስፍሩ። የወረዳው ድርሻ በቀመር ስንት እንደሆነ፥ ለምን እንደዋለ ጠይቃችሁ ለሰው በሚገባ ቋንቋ አንብቡላቸው፤ ይህ የመንግሥት ምሥጢር አይደለም። ዞኑ የቅድሚያ ዝርዝሩን ከግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ አድርጉ፤ ማን ከማን ቀደመ፥ ለምን ቀደመ ብሎ ሰው አይቶ እንዲከራከር። በሁለት መኪና የመጣውና በእግሩ የመጣው በአንድ ዝርዝር ላይ ቢታዩ ጸሐፊዋ ለማን እንደምትነሣ ግድ አይሰጠንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰባት ሰው ሲመረጥ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው እዩ።

የኛ ወረዳ በመጪው ጥር እንደገና ወደ ክልል ይሄዳል። መዋጮው ተሰብስቧል፥ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፤ መፈረም የማይችሉት በአውራ ጣታቸው አትመዋል። ከሰባቱ መልእክተኞች መካከል እማማ አሉበት። በቀደም ስልክ ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«እዚያ መሥሪያ ቤት ደረጃው ብዙ ነው?»

«ሦስተኛ ፎቅ ነው፥ እማማ» አልኳቸው።

«እሱስ ይወጣል» አሉኝ።